የፒጃማ ሱሪ አሰፋፍ፤ ልኩ፣ ቅዱና ዋጋው

በልብስ ስፌት ሙያ ውስጥ የፒጃማ ሱሪ የጀማሪ ሥራ ተብሎ ይቈጠራል። ዚፕ የለውም፤ ኪስም ባይኖረው የሚጠይቅ የለም፤ ወገቡም የሚያዘው በላስቲክ ወይም በገመድ ስለ ሆነ የወገብ ልክ ጥቂት ቢሳሳት የሚያስቀይም አይደለም። ስለዚህም የስፌት መኪና ገዝታ በቤቷ ሥራ የጀመረች ሴት ለቤተ ሰቧ አንድ ሁለት ከሰፋች በኋላ፣ ጎረቤትም አይቶ ሲወድላት፣ ለሽያጭ የምታወጣው የመጀመሪያው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ቀላልነቱ ያታልላል። የፒጃማ ሱሪ ጕድለቱ በሱቅ ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ገዥው ቤቱ ወስዶ ሲቀመጥበት፣ ሲያጐነብስበት፣ ይልቁንም ሁለት ጊዜ ካጠበው በኋላ ነው። ያን ጊዜ እግሩ ያጠረ፣ ብሽሽቱ የያዘ፣ የመቀመጫው ስፌት የተተረተረ እንደ ሆነ ገዥው ዕቃውን ይዞ ለወቀሳ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።

ቃሉ የመጣው ከፋርስ ቋንቋ ነው፤ «ፓይ» እግር ማለት ሲሆን «ጃማ» ደግሞ ልብስ ማለት ነው። በህንድ አገር በወገብ ላይ በገመድ የሚታሰር ሰፊ ሱሪ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ እንግሊዞችም ከዚያ ተቀብለው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ የመኝታ ልብስ አደረጉት። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ቢጃማ የሚለውም አጠራር የተለመደ ነው። እንግዲህ ልብሱ ከመነሻው ሰፊ ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ መሆንና ልክ ማጣት አንድ አይደሉም። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት በዚህ ላይ ነው።

በገበያው ላይ የቤት ሰፊዪቱ ተፎካካሪዎች ብዙዎች ናቸው። ከፋብሪካ የወጣው፣ ከውጭ አገር የገባው፣ ሳልባጁም በአንድ መደብ ላይ ተደርድረው ይጠብቋታል። በፋብሪካ ውስጥ አንዱ ሱሪ ለብዙ እጆች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንዲት ስፌት ብቻ ሲሰፋ ይውላል፤ ስለዚህ በፍጥነት እርሱን እበልጣለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ፋብሪካው ግን የሚቀደው ለአማካይ ሰው ነው። ሆዱ ገፋ ያለ፣ እግሩ የረዘመ፣ መቀመጫው የሰፋ ሰው ከመደቡ ላይ ልኩን ሲያጣ የሚሄደው ወደ ልብስ ሰፊ ነው። የቤት ሰፊዪቱ ብልጫ እንግዲህ ሜትሩና ደንበኛው ናቸው፤ ልኩን በትክክል ካልወሰደች ግን የቀራት ብልጫ የለም።

ስለ ጨርቁ

ማንኛውም ጨርቅ በርዝመቱ ድር፣ በወርዱ ማግ አለው። በሽመናውና ከዚያም በኋላ በማጠናቀቂያው ሥራ ጊዜ ክሩ፣ ይልቁንም ድሩ፣ ተወጥሮ ይቈያል፤ በመጀመሪያው እጥበት ውኃ ሲነካው ውጥረቱ ይለቅና ጨርቁ ይሰበሰባል። ተራ የጥጥ ጨርቅ በድሩ በኩል ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ላላ ብሎ የተሠራና ጠጕር ያለው የጥጥ ጨርቅ ከዚህም ይበልጣል። ከመቶ 5 እጅ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ርዝመቱ 104 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሱሪ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ያጥራል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የነበረው መቀመጫም 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይጐድልበታል። የእግሩ ማጠር ይታለፍ ይሆናል፤ የመቀመጫው ማጠር ግን ሰውን እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

አሜሪካዊው ሳንፎርድ ክሉዌት በ1930 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ጨርቁን በፋብሪካው ውስጥ አስቀድሞ የሚሰበስብ ነው፤ በዳሩ ላይ «ሳንፎራይዝድ» የሚል ቃል የታተመበት ጨርቅ በዚህ መንገድ ያለፈ ስለ ሆነ በቤት እጥበት የሚሰበሰበው እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የሌለውን ጨርቅ ግን ሳያጥቡ መቅደድ ገንዘብን በውኃ መጣል ነው። እጥበቱም ገዥው ወደ ፊት እንደሚያጥበው መሆን ይገባዋል፤ ደንበኛው በሙቅ ውኃ የሚያጥብ ከሆነ ሰፊዪቱ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ብታወጣው አይጠቅምም።

ጣቃ ሙሉ ጨርቅ ከመግዛት በፊት መፈተኛ መንገድ አለ። ከጨርቁ ትንሽ አስቈርጦ በላዩ ላይ በየጐኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በቀለም ክር መወስወስ፤ በጠመኔ ወይም በሳሙና የተሠመረ መሥመር በእጥበት ይጠፋልና አይሆንም። ከዚያም አጥቦ፣ አድርቆ፣ ተኵሶ ዳግመኛ መለካት ነው። የድሩ ጐን 47 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ ከተገኘ ጨርቁ ከመቶ 5 እጅ ይሰበሰባል ማለት ነው። በዚሁ ፈተና ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በላዩ ቢታሽበት ቀለም የሚለቅ መሆኑም ይታወቃል፤ የፒጃማ ሱሪ ከነጭ አንሶላ ጋር የሚያድር ስለ ሆነ ቀለም መልቀቁ ተራ ጕድለት አይደለም።

ለደጋ አገር፣ ለምሳሌ ለደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጠጕር ያለው የጥጥ ጨርቅ ይስማማል፤ ለድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ስስ ፖፕሊን ይበልጣል። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ዋጋው ርካሽ ነው፤ በእጥበትም ብዙ አይሰበሰብም፤ ላብ ስለማይጠጣ ግን ለመኝታ የሚመረጥ አይደለም። የሸማኔ እጅ ሥራን ለዚህ ጕዳይ ማዋል የሚፈልጉ አሉ። ያምራል፤ ነገር ግን ሽመናው ላላ ያለ ስለ ሆነ ክሩ ከስፌቱ ሥር እየሾለከ መቀመጫው ይከፈታል። በእርሱ የሚሠራ ሰው ለስፌት የሚተወውን ጨርቅ ከ2 ሳንቲ ሜትር ባያሳንሰውና ጠርዙን ሁሉ ቢዘመዝም ይሻለዋል።

ጨርቅ ሻጩም በዚህ ረገድ ድርሻ አለው። ወርዱ 90፣ 115 ወይም 150 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ሳይናገር «ሁለት ሜትር ይበቃሻል» ብሎ የሚቈርጥ ነጋዴ ደንበኛዪቱን አንድ ጊዜ ያተርፍባታል። የሰፊዪቱ ትርፍ በወርዱ ላይ የተመሠረተ ነውና፣ ወርዱን የሚናገር ሻጭ ግን ዓመቱን ሙሉ ከእርሷ ጋር ይሠራል።

ስለ ልክ አወሳሰድ

የሚያስፈልጉት ልኮች አራት ናቸው፤ የመቀመጫ ዙሪያ፣ የመቀመጫ ጥልቀት፣ ከወገብ እስከ ቍርጭምጭሚት ያለው ርዝመትና የወገብ ዙሪያ። ከእነዚህ መካከል ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለካው ወገብን ነው፤ ለፒጃማ ግን ከሁሉ የሚያንሰው ልክ እርሱ ነው። ሱሪውን የሚያቆመውም የሚጥለውም የመቀመጫው ጥልቀት ነው።

ይህ ጥልቀት የሚለካው ሰውየው በደረቅ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው። በወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርና በጐኑ በኩል ከገመዱ እስከ ወንበሩ ገጽ ድረስ ሜትሩ ይወርዳል። ስፖንጅ ያለው ወንበር ልኩን ያበላሻል፤ በርጩማ ይሻላል። በዚህ መንገድ የተገኘው 27 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለፒጃማ 3 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ 30 ይደረጋል። ከዚህ በላይ መጨመር ግን ምቾት አያመጣም፤ ብሽሽቱ ወደ ጕልበት ወርዶ እርምጃን ያስራል፤ ሰውየው ሲራመድም ስፌቱ በጭኑ መካከል እየተሳበ ይቀደዳል። «ሰፊ ይሁን» ተብሎ በጣም ዝቅ ያለ ብሽሽት ከጠባቡ ይልቅ ቶሎ የሚቀደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰፊዪቱ ሴት፣ ደንበኛው ወንድ በሚሆንበት ጊዜ በመቀመጫ ዙሪያ ሜትር ማዞር ለሁለቱም የሚያሳፍር ሊሆን ይችላል። ለዚህ የተሻለው ዘዴ ደንበኛው በደንብ የሚስማማውን አሮጌ ሱሪ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። ሱሪው በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የመቀመጫው ስፋት ተለክቶ በሁለት ይባዛል፤ ከፊት ወገብ ተነሥቶ በብሽሽት ሥር አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ያለው ስፌትም ርዝመቱ ይመዘገባል። ይህ የመጨረሻው ልክ የፒጃማው ንድፍ ከተሠራ በኋላ ለማመሳከር ያገለግላል፤ የፒጃማው ስፌት ከአሮጌው ሱሪ ስፌት ካነሰ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ለምሳሌ የመቀመጫ ዙሪያው 100፣ ጥልቀቱ 27፣ ርዝመቱ 104፣ ወገቡ 84 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ይወሰድ። እያንዳንዱ እግር በጐን በኩል ስፌት ሳይኖረው ከአንድ ቍራጭ የሚሠራ ይሁን፤ ለቤት ሥራ የሚቀናው ይህ ነው። ለመቀመጫ ዙሪያው ለምቾት 16 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 116 ይሆናል፤ ግማሹም 58 ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ወርዱ 58፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይነደፋል። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚያልፈው ጨርቅ ደግሞ ከዚህ አራት ማዕዘን የታችኛው መሥመር ወደ ውጭ ይወጣል፤ በፊት በኩል የመቀመጫው ዙሪያ አሥራ ስድስተኛ እጅ፣ ይኸውም 6 ሳንቲ ሜትር፣ በኋላ በኩል ስምንተኛ እጅ፣ ይኸውም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የኋላው ከፊቱ እጥፍ የሚሆነው መቀመጫ ያለው በኋላ በኩል ስለ ሆነ ነው። ፊትና ኋላውን እኩል አድርጎ የሚቀድ ሰው ሱሪው ሲቀመጡበት ወገቡ ከኋላ እየተጐተተ እንዲወርድ ያደርገዋል። በዚሁ ምክንያት የኋላው ወገብ ከፊቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የኋላው መካከለኛ መሥመርም ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያዘነብላል።

ከዚህ በኋላ የእግሩ ጫፍ ወርድ 48 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ከብሽሽቱ ሁለት ጫፎች ጋር በጥቂቱ በተደፈነ መሥመር ይገናኛል። ለስፌት በየዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ለላስቲክ ማስገቢያው ከወገብ በላይ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ለእግሩ ጫፍ ማጠፊያ 4 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ሲደመር የቍራጩ ርዝመት 115 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ በብሽሽቱ ላይ ያለው ወርድ 79 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወገቡን ለማሳነስ ሲባል የላይኛውን አፍ ከመቀመጫው ልክ ማጥበብ አይገባም፤ ሱሪው ሲለበስ በመቀመጫ ላይ ማለፍ አለበትና።

ትልቅና ትንሽ ቍጥር ማውጣት ሲያስፈልግ ንድፉን በዙሪያው ሁሉ እኩል ማስፋት የተለመደ ስሕተት ነው። ከ100 ወደ 108 ለማሳደግ ወገቡና መቀመጫው በየቍራጩ 4 ሳንቲ ሜትር፣ በብሽሽቱ መሥመር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይጨመራል፤ ጥልቀቱም 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨመርለታል፤ ርዝመቱ ግን ሰውየው ስለ ወፈረ አይረዝምም። ወፍራም ሁሉ ረጅም ይመስል እግሩ መሬት የሚጠርግ ፒጃማ በገበያ ላይ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ቅዱ

አዲስ ንድፍ ወዲያውኑ በጥሩ ጨርቅ ላይ አይወርድም። በአቡጀዲ ተቀድዶ፣ በእጅ ተወስውሶ፣ ደንበኛው ለብሶት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ስሕተቱ በአቡጀዲ ላይ ከተገኘ የሚባክነው ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ያው አቡጀዲ ከታረመ በኋላ ለብዙ ጊዜ ንድፍ ሆኖ ያገለግላል።

ንድፉ በታጠበው ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ የእግሩ ርዝመት በድሩ አቅጣጫ መሆን አለበት። ይህንንም ለማረጋገጥ በንድፉ መካከል ከተሠመረው ቀጥተኛ መሥመር እስከ ጨርቁ ዳር ያለው ርቀት ከላይና ከታች እኩል መሆኑ ይለካል። ይህ ሳይደረግ የተቀደደ ሱሪ በመጀመሪያው ቀን ያምራል፤ ከታጠበ በኋላ ግን የእግሩ ስፌት እየዞረ ወደ ፊት ይመጣል፤ ተኵሶም አይመልሰውም።

ወርዱ 150 የነበረው ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ወደ 147 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱ ቍራጮች በብሽሽታቸው ጐን ለጐን ቢቀመጡ 158 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋሉና አይበቃቸውም። አንዱን በራሱ፣ ሁለተኛውን በእግሩ ገልብጦ ሲያስቀምጡ ግን የአንደኛው ሰፊ ብሽሽት ከሁለተኛው ጠባብ እግር ጋር ስለሚገጥም 1.20 ሜትር የታጠበ ጨርቅ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨርቅ ያበላሻል። አንድ ንፍቅ ሆኖ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ንድፉን ዝም ብሎ አዙሮ በእግሩ ማስቀመጥ ሁለት የቀኝ እግር ያስገኛል። ሁለተኛው የግራ እግር እንዲሆን ንድፉ ከመዞሩ በተጨማሪ በጀርባው መገልበጥ አለበት። የንድፉ ፊት በግልጽ ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ አሥር ሱሪ በአንድ ቀን ለመቅደድ የተቀመጠች ሰፊ ይህን ብትዘነጋ ሃያ የቀኝ እግር ይዛ ትቀራለች።

በራስና በእግር ማገላበጥ ለሁሉም ጨርቅ አይሆንም። አበባው ወይም ሥዕሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚያይ ከሆነ አንዱ እግር ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሆናል፤ ጠጕር ያለው ጨርቅም ጠጕሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ስለ ሆነ በብርሃን ሲታይ ሁለቱ እግሮች የተለያየ ቀለም ይመስላሉ። እንዲህ ባለው ጨርቅ ላይ ሁለቱም በራሳቸው ይቀመጡና አንዱ ከሌላው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ብሽሽታቸው ስለማይገናኝ ወርዱ ይበቃል፤ ነገር ግን ሊገዛ የሚገባው ጨርቅ ከፍ ይላል። በቀጥታ የተሠመረ ወይም ወደ ሁለት ወገን የሚያይ ሥዕል ያለው ጨርቅ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወርዱ 90 በሆነ ጨርቅ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እግር ለብቻው ስለሚቀደድ ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ የሚተርፈው ሰላላ ቍራጭ ለኪስ ወይም ለማሰሪያ ገመድ ይውላል።

ስለ ስፌቱ

ለፖፕሊን 80 ቍጥር መርፌ፣ ጠጕር ላለው ጨርቅ 90 ቍጥር ይስማማል፤ የስፌቱም ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን መልካም ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱ እግር የውስጥ ስፌት ለብቻው ይሰፋል። ከዚያም አንደኛው እግር ወደ ገጹ ተገልብጦ፣ ገጹ ወደ ውስጥ በቀረው በሌላኛው እግር ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ገጾች ተፋጥጠው የውስጥ ስፌቶቹ በብሽሽቱ ላይ ይገጣጠማሉ፤ መኪናውም ከፊት ወገብ ተነሥቶ ሳያቋርጥ እስከ ኋላ ወገብ ይሄዳል። የሁለቱ ስፌቶች ትርፍ ጨርቅ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ቢተኛ መጋጠሚያው ላይ እብጠት አይኖርም።

የብሽሽቱ ደፈን ያለ ክፍል ድሩንም ማጉንም አቋርጦ የሚያልፍ ስለ ሆነ በቀላሉ ይሳባል፤ ክሩ ግን አይሳብም፤ ስለዚህ ይበጠሳል። በዚህ ቦታ፣ ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ በየ10 ሳንቲ ሜትር፣ ስፌቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር አጥሮ ከመጀመሪያው መሥመር 3 ሚሊ ሜትር ወደ ዳር ራቅ ብሎ ሁለተኛ መሥመር ይሰፋበታል። የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ጠርዙ የሚዘመዘምበት መኪና የሌላት ሰፊ አንደኛውን ጠርዝ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ከርክማ በሌላኛው ጠቅልላ በላዩ ብትሰፋበት ከዝምዝማት የበለጠ ጠንካራ ይሆናል።

ወገቡ በመጀመሪያ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያም 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ታጥፎ ከታች በኩል ይሰፋል፤ ከኋላ ለላስቲኩ መግቢያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይሰፋ ይቀራል። ለ84 ሳንቲ ሜትር ወገብ የላስቲኩ ርዝመት 78 ሲሆን ለመደራረቢያው 2 ይጨመራል። ላስቲኩ በመርፌ ቍልፍ ተስቦ ከገባ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ይሰፋሉ፤ መግቢያውም ይዘጋል። በመጨረሻ በኋላው መካከለኛ ስፌት ላይ በቁመቱ አንድ መሥመር ቢሰፋበት ላስቲኩ በእጥበት ጊዜ አይጠማዘዝም፤ ለባሹም በጨለማ የሱሪውን ፊትና ኋላ በእጁ ዳስሶ ይለያል።

ስለ ዋጋው

አብዛኞቹ የቤት ሰፊዎች ዋጋ የሚቈርጡት የጨርቁን ዋጋ ይዘው «የእጄን» የሚሉትን ጥቂት ገንዘብ በመጨመር ነው። ይህ አሠራር የት ላይ እንደሚያከስር ለማየት የሚከተለው ስሌት ይበቃል፤ ዋጋዎቹ ለማስላት ያህል የተወሰዱ ናቸውና እያንዳንዷ ሰፊ የገበያዋን ዋጋ ትተካበት።

የአንዱ ሜትር ጨርቅ ዋጋ 300 ብር ይሁን። 1.20 ሜትር የታጠበ ጨርቅ ለማግኘት፣ ከመቶ 5 እጅ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ መገዛት ያለበት ወደ 1.27 ሜትር ነው፤ ዋጋውም 381 ብር ይሆናል። ላስቲክ 20 ብር፣ ክር 15 ብር፣ ለመርፌ፣ ለመብራትና ለመኪናው እድሳት 10 ብር ይታሰብ። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስድ ሆኖ ሰፊዪቱ ለአንድ ሰዓት 80 ብር ብትቈርጥ 120 ብር ነው። ድምሩ 546 ብር ይሆናል። ይህ ገና ወጪ ነው፤ ትርፍ አይደለም። ለማይሸጠው፣ ለሚበላሸውና ለንግዱ ማደጊያ ከመቶ 15 እጅ ሲታከልበት ዋጋው ወደ 630 ብር ይደርሳል።

አሁን ይህችው ሰፊ በ500 ብር ብትሸጥ ከጨርቁ ዋጋ 119 ብር ያተረፈች ይመስላታል። ከዚህ ላይ ለላስቲክ፣ ለክርና ለመኪናው የወጣው 45 ብር ሲነሣ 74 ብር ይቀራል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ 74 ብር ማለት ለሰዓቱ 49 ብር ያህል ነው። የጉልበቷን ዋጋ በ31 ብር አርክሳ ለገዥው ሰጥታዋለች፤ ይህንንም ሳታውቀው ነው። አውቃ ብታደርገው የራሷ ፈቃድ ነው፤ ደንበኛ ለመሳብ ለአንድ ወር ዋጋ ዝቅ ማድረግ የቆየ የንግድ ዘዴ ነው። ሳያውቁ ማርከስ ግን ብዙ ሲሸጡ ብዙ መድከምን ብቻ ያመጣል።

ቅዱም በዋጋው ላይ ይታያል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያይ ሥዕል ያለው ጨርቅ የሚፈልገው 1.35 ሜትር የታጠበ፣ ማለትም ሲገዛ 1.42 ሜትር ነው። ለአሥር ሱሪ 12.7 ሜትር የሚበቃው ሥራ በዚህ ጨርቅ 14.2 ሜትር ይወስዳል፤ ልዩነቱ 450 ብር ይሆናል። ገዥው ለሥዕሉ ውበት ይህን የሚከፍል ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን ወጪው የሰፊዪቱ ነው። በአንጻሩ አሥሩን በአንድ ጊዜ የምትቀድና ሁሉንም የውስጥ ስፌት አከታትላ፣ ከዚያም ሁሉንም ብሽሽት አከታትላ የምትሰፋ ሴት ክር ከመለወጥና መቀስ ከማንሣት ስለምታርፍ የአንዱ ሱሪ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ይወርድላታል። ፖፕሊን በአራት ንፍቅ ተደራርቦ በቤት መቀስ ይቈረጣል፤ ጠጕር ያለው ጨርቅ ግን ከሁለት ንፍቅ በላይ ሲሆን ከታች ያለው ይሸሻልና ልኩ ይዛባል።

ጨርቁን ራሱ ገዝቶ የሚያመጣ ደንበኛ የተለየ ሒሳብ ይፈልጋል። ሰፊዪቱ ጨርቁን ስትረከብ ርዝመቱንና ወርዱን በፊቱ ለክታ በደብተሯ ትጽፋለች፤ ያልታጠበ ከሆነም አጥባ የምትሰፋ መሆኗን አስቀድማ ትነግረዋለች፤ የእጥበቱንና የመተኮሱንም ሥራ በዋጋው ላይ ታስባለች። ደንበኛው «ሳይታጠብ ይሰፋ፣ ቸኵያለሁ» ቢል ርዝመቱን 5፣ ጥልቀቱን 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨምራ ትቀድዳለች፤ መጀመሪያ ሲለብሰው እንደሚረዝምበትም ሱሪውን ስታስረክበው ትነግረዋለች። በዚያው ገጽ ላይ አራቱ ልኮች፣ የጨርቁ ዓይነትና በፈተናው የተገኘው የመሰብሰብ ልክ ቢመዘገቡ ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሲያዝ ወይም ለወንድሙ ስጦታ ሲፈልግ ሜትር ማውጣት ሳያስፈልግ ሥራው ይጀመራል።